በረኛ ያጣ መንደርና የአብዬ ይመር አውራ ጣት

ሰው ብዙ ነገር ያጣል። ላም ያጣል፣ ዘመድ ያጣል፣ በዚያ በጣልያን ዘመንማ የገዛ አገሩን አጥቶ በገዛ ደጁ እንግዳ የሆነም ነበር። እኛ የባሕር ዳር ልጆች ግን ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አጣን። በረኛ አጣን። የኳስ በረኛ። አሁን ይህን ሳወራችሁ እናንተም ትስቃላችሁ፣ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣልያን ከሐይቁ ዳር ሰፍሮ መንገድ ሲጠርግና እኛን ድንጋይ ሲያሸክም እግረ መንገዱን ኳስ አስለመደን። ከሹሞቹ አንዱ፣ ሆዱ ከመታጠቂያው ቀድሞት የሚሄድ ሰውዬ፣ የቆዳ ኳስ ነበረው። እሑድ እሑድ ያውሰናል፤ ፊሽካ እየነፋም ይዳኘናል። እኛ አጥናፉ የሚባል ድንቅ በረኛ ነበረን። ክረምት ከመግባቱ በፊት ከዘጌ ልጆች ጋር ስንጋጠም ኳሷ ከበሩ ኋላ ወዳለው ቁጥቋጦ ተንከባለለች። አጥናፉ ሊያመጣት ገባ። ቆመን ጠበቅነው። ተቀምጠን ጠበቅነው። የዘጌ ልጆች በየታንኳቸው ገብተው ወደ አገራቸው ሲቀዝፉም እየጠበቅነው ነበር። በኋላ እንደ ሰማነው አጥናፉ በዚያው ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ተቀላቅሏል። ለአገሩ ብሎ ነውና እሰየው ነው፤ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ግን እናንተ ፍረዱኝ፤ ሰው ጫካ ሲገባ የሰው ጠብመንጃ ይዞ ነው እንጂ የሰው ኳስ ይዞ ይገባል?

በማግሥቱ ሹሙ ጠራኝ። የቡድኑ አለቃ እኔ ነበርሁ። አለቃ ያደረጉኝም ከሁሉ ስለምሻል ሳይሆን ከሁሉ ስለምጮህ ነው።

«ኳሴ የት አለ?» አለኝ በአስተርጓሚ።

እውነቱን ብናገር የአጥናፉን ቤት ያቃጥሉታል። ምላሴን ሳላስፈቅደው፣ «ጉማሬ ዋጠው ጌታዬ» አልሁ።

«ኳሱን ወይስ ልጁን?»

«ሁለቱንም።»

ስለ ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። ስለ ኳሱ ግን ፊቱ ደም መሰለ። ወታደሮቹን አስከትሎ ወደ ሐይቁ ወረደና ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጉማሬ ላይ ሲያስተኩስ ዋለ። ጉማሬዎቹም ነገሩ የማይመለከታቸው መሆኑን አውቀው ወደ ዓባይ መውጫ ፈቀቅ አሉ። አንድም አልተመታም።

ክረምቱ ገባ። ያ ያልተጨረሰው ግጥሚያ ከመስቀል በኋላ እንደ አዲስ እንዲደረግ የሁለቱ አገር ሽማግሎች ወሰኑ። የዘጌ ልጆች ግን እስከዚያ መታገሥ አልቻሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሾና ማገዶ ጭነው ለገበያ ሲመጡ፣ ገና ታንኳቸው ከዳር ሳይደርስ ይጀምራሉ፦

«የባሕር ዳር ልጆች ቤት ሠርተው ነበረ፣
በሩን ረስተውት ጅብ ገብቶ አደረ!»

ሴቶቻችን ሳይቀሩ ይስቃሉ። ሚስት ለማግባት የሚያስብ ጎረምሳ ይህን ዘፈን እየሰማ ገበያ መውጣት አይችልም። በረኛ ካልተገኘ ደግሞ ዘፈኑ ዓመቱን ሙሉ ሊዘፈንብን ነው።

ስለዚህ ተሰበሰብን። የምንሰበሰበው አብዬ ይመር ከሚባሉ ታንኳ ሠሪ መጠለያ ነው፤ እሳቸው በአንድ ወገን ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ቄጠማ እያደረቁ ታንኳ ይጠፍራሉ፣ እኛ በሌላው ወገን እንጨቃጨቃለን። ሚስታቸው ሞታባቸው ከአንዲት ልጃቸው ከከድጃ ጋር የሚኖሩ ደግ ሰው ናቸው። ጫጫታችንን ይወዱታል። «ቤት ያለ ወንድ ልጅ ድምፅ ይቀዘቅዛል» ይሉ ነበር።

አንዱ በሩን በእሾህ እንጠረው አለ። ሌላው ከሩቅ አገር ጎበዝ እናምጣ አለ። ይህ እንዳይሆን ደግሞ ሕግ አለ። ከዚያ በፊት ሁለታችንም ወገኖች ከየትም ሰው እየለቃቀምን ስናስቸግር ሽማግሎች «የመንደሩ ልጅ ያልሆነ አይጫወት፤ ባዳ ያሰለፈ ተሸናፊ ነው» ብለው ቆርጠውብናል።

በመጨረሻ የቄሰ ገበዙን ልጅ ሞከርን። ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ቆሞ ብቻ የበሩን እኩሌታ የሚሸፍን ጎረምሳ ነው። ችግሩ ቅኔ ተማሪ መሆኑ ነው። ኳሷ ስትመጣ እሱ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሣል። በቆዳዋ ፋንታ የሰፋናት የጨርቅ ኳስ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተች በእግሩ መካከል ታልፋለች።

«ገባች እኮ!» እላለሁ።

«ቆይማ፣ ሞላልኝ!» ይልና የገባችብንን ግብ በቅኔ ያወርዳታል። ቅኔው ግሩም ነው። ግን በቅኔ ተከላክሎ ያሸነፈ ቡድን አላየሁም። ጾመ ፍልሰታ ሲገባ አባቱ መጥተው «በሱባዔ ጭቃ ላይ ትንከባለላለህ?» ብለው በጆሮው ይዘውት ሄዱ። እኔም ከልቤ አመሰገንኋቸው።

አንድ ቅዳሜ ከወደቡ ቆሜ የዘጌን ዘፈን ላለመስማት ጆሮዬን ስደፍን ሰይድን አየሁት። ሰይድ ከሐይቁ ማዶ ከቆራጣ የመጣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነው። የደንገል ታንኳ ደረቅ መሬት ላይ ከጎተቷት ትበጣጠሳለች፤ ስለዚህ አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ይቆምና ከታንኳዋ የሚወረወርለትን ዕቃ እየቀለበ ወደ ዳር ያሳልፋል። ሰይድ ይቀልብ ነበር። ዱባ ወረወሩለት፣ ቀለበ። የጌሾ ነዶ ወረወሩለት፣ ቀለበ። በመካከል አንዲት ዶሮ እግሯ ተፈትቶ ከታንኳዋ በረረች። ዘወር ሳይል በአንድ እጁ ከአየር ላይ ለቀማት። ዶሮዋም ገና ነጻ የወጣች መስሏት ክንፏን ታራግብ ነበር።

ሮጥሁና ያዝሁት። «ወንድሜ፣ በረኛ ትሆነናለህ?»

«የእናንተ መንደር የትኛው ነው?» አለኝ።

«ያ የአብዬ ይመር መጠለያ ያለበት።»

«እሆናለሁ።»

«ምን እናድርግልህ ታዲያ?»

«ምንም።»

ምንም! ሰው እንዲህ በቀላሉ እሺ ሲለኝ ያን ቀን ገና የመጀመሪያዬ ነበር፤ የንግግሬ ጣፋጭነት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የቆራጣ ሰው ስለ ምን ብሎ ለእኛ በር ይሞታል ብሎ መጠየቅ ለማንም ይመጣል። ለእኔ አልመጣልኝም።

የቀረው የመንደሩ ልጅ ማድረግ ነው። ይህን አንድ ሽማግሌ ሲፈቱልን «የጡት ልጅ ይሁናችሁ» አሉ። ከመንደሩ አንድ አባወራ አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ በሽማግሎች ፊት ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው፣ በቃ። አጎቴን ለመንሁትና እሺ አለ። ቀኑ ተቆረጠ፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሽማግሎች በአብዬ ይመር መጠለያ ተሰበሰቡ፣ ማሩ ቀረበ። አጎቴ የለም። ቢጠበቅ የለም። ለካስ ሚስቱ ማታውን «መሬታችንን ማን ሊወርስ ነው?» ብላ አፋጥጣው፣ በዚያ በነሐሴ ጭቃ በሬ ሊገዛ እንፍራንዝ ሄዷል!

እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። ሽማግሎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ይህን ጊዜ አብዬ ይመር ደንገሉን አስቀምጠው ተነሡ።

«ወንድ ልጅ የለኝም» አሉ። «አላህ ሳይሰጠኝ ቀረ ብዬ ነበር፤ ለካ በሰው በኩል ልኮልኛል። ልጁን እኔ እወስደዋለሁ።»

ደንገል ሲጠፍር የኖረ ወፍራም አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና ዘረጉለት።

ሰይድ ክው አለ። ጣቱን አየ። እኔን አየ። እንደገና ጣቱን አየ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አብዬ ይመርም አፉን የከፈተው ለማሩ መስሏቸው አውራ ጣታቸውን እስከ አንጓው አስገቡለት። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የደግ ሰው ጣት ማን ይተፋል? ጠባ። እየጠባ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አይ የጨዋ ልጅ! በደስታ አለቀሰ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ እሳቸውም አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ከደንገሉ ግድግዳ ጀርባ እንስራ ሲከሰከስ ተሰማ።

«ድመት ናት» አሉ አብዬ ይመር፣ ዓይናቸውን ከአዲሱ ልጃቸው ሳያነሡ።

ድመቷን በማግሥቱ ከሐይቁ ዳር አገኘኋት። ከድጃ ነበረች፤ የሰባበረችውን እንስራ ለመተካት የጎረቤት ተውሳ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች።

«አንተ!» አለችኝ። «ሰይድ ስለ ምን የመጣ መስሎህ ነው?»

«ስለ ኳስ።»

«ስለ ኳስ! ከቆራጣ ድረስ ለጨርቅ ኳስ! ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ውኃ ውስጥ ቆሞ ዱባ የሚቀልበው እኔን ሊያይ ነው። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። አሁን ወንድሜ አደረግኸው። አላህ ይይልህ!»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ብትጠይቀውስ ምን ነበረበት? ምላስህ ለሌላው ሁሉ ይበቃል!»

እንስራዋን አዝላ ስትሄድ አንገቷ እንኳ ይረግመኝ ነበር።

ከዚያማ ነገር ነገርን ወለደው። አብዬ ይመር ልጃቸውን ከቤታቸው አስገብተው ሙክት አረዱለት። ታንኳ አጠፋፈር ያስተምሩት ጀመር። ባለፉ ባገደሙበት «ልጄ፣ ልጄ» ነው። ደስታቸው ሲበዛ ደግሞ የአባትነት ግዴታቸውን አስታወሱና ሚስት ይፈልጉለት ገቡ። ሰይድ መረብ ሲጠግን ከአጠገቡ ቁጭ ብለው የሰው ልጅ ይቆጥሩለታል፤ የእገሊት ጥርሷ፣ የእገሊት ሙያዋ። ከድጃ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። እሱም ከወዲህ ሆኖ ይሰማል። መረቡ ከመጠገን ይልቅ ይበጣጠሳል።

መስከረም ሲጠባ ይባስ ብሎ ለከድጃ ሽማግሌ መጣ። ላኪው ኑሩ የሚባል ከዘጌ ዳርቻ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ በግራ እግሩ የሚመታ የዘጌ ቡድን አጥቂ፣ ዘፈኑንም የሚያወጣ እሱ። አብዬ ይመር ደስ ብሏቸው «እንግዲህ ቤቱ ወንድ ልጅ አለው፤ ወንድሟ ይናገር» ብለው ሰይድን ጠሩት።

ሰይድ ብዙ አሰበና «ግራ እግሩ ነው የሚቀድመው» አለ።

«ቢቀድምስ?»

«በግራ እግሩ ታንኳ የሚገባ ሰው ታንኳ ይገለብጣል አብዬ። እህቴን ሐይቅ ውስጥ አልጥላትም።»

«ወንድም ማለት ይህ ነው!» አሉ አብዬ ይመር እንባ እያቀረሩ፤ ለሽማግሎቹም መልሱን ከግጥሚያው በኋላ ኑና ስሙ አሏቸው።

ልምምድ ላይም ሰይድ ሰይድ አልሆነም። ኳሷ በቀኙ ስትገባ እሱ በግራ ወዳለው መጠለያ ያያል። ዶሮ ከአየር የለቀመ እጅ የጨርቅ ኳስ ይስታል። ለቡድኑም ፈራሁ፣ ለእሱም አዘንሁ፤ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም። ወደ ጥግ ወስጄ ማልሁለት፦ «አንተ በሩን ጠብቅልኝ፤ እኔ ደግሞ ከገባህበት ጉድ አወጣሃለሁ።»

«በምን?» አለኝ።

«በምላሴ።»

«ያስገባኝስ እሱ አይደለም?» አለኝ። ግን እሺ አለ፤ ምን አማራጭ አለውና።

ከመስቀል በኋላ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ግጥሚያው ደረሰ። ሹሙ ከጎንደር አዲስ የቆዳ ኳስ አስመጥቷል። ካለፈው ተምሮ፣ ኳሷ ቁጥቋጦ በገባች ቁጥር ፊሽካውን ይነፋና ባለ ጠብመንጃ ወታደር ልኮ ያስመጣታል። እኛ ተጫዋቾች ከሜዳው ንቅንቅ ማለት የለብንም። ፍርሃቱ አላለቀም፤ ሐይቁንም እየዞረ በጥርጣሬ ያየው ነበር።

ኑሩ በግራ እግሩ ለጋ። ሰይድ እንደ ዱባ ቀለባት። ኑሩ ደግሞ ለጋ። ሰይድ ቀለበና ትክ ብሎ አየው። ያን ቀን ሰይድ በሩን አልጠበቀም፤ የጠበቀው ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን እሱን ሲጠብቅ ኳሷም አብራ ተጠበቀች። ወደ መጨረሻው የቄሰ ገበዙ ልጅ፣ ሰው ጎድሎብን ከፊት አሰልፈነው፣ እንደ ልማዱ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሳለ ኳሷ ግንባሩን መታችውና ነጥራ የዘጌ በር ገባች። እሱ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ተሸከምነው። አንድ ለዜሮ! ያን ዕለት ዘፈን ከእኛ ወገን ሆነ። አብዬ ይመር «የኔ ልጅ! የኔ ልጅ!» እያሉ በዚያ ዕድሜያቸው ዘለሉ።

ቃሌን አልረሳሁም። ሰይድን ይዤ ወደ ሸኹ ሄድሁ። ከድጃም ነጠላዋን አጣፍታ ራቅ ብላ ተከተለችን። ሸኹ የተማሩ፣ ቀልድም የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

«የጡት ወንድሟ ሆኗል ነው የምትሉኝ?» አሉ። «ጠብቷል?»

«ጠብቷል» አልሁ።

«ማንን?»

«አብዬ ይመርን።»

ሸኹ ደነገጡ። «አውራ ጣታቸውን ነው» አልሁ ቶሎ ብዬ።

«አውራ ጣት ወተት አለው?»

«ማር ነበረው።»

«እንግዲያ ልጁ የንብ ወንድም ነው እንጂ የከድጃ ወንድም አይደለም» አሉ። ሳቃቸው ሲበርድ ደግሞ ቁም ነገሩን ነገሩን፤ በእኛ ሕግ በጡት የሚያዛምደው ወተት ነው፣ ሌላው የአገር ልማድ ነው፣ ጋብቻ አይከለክልም አሉን። ጉልበታቸውን ሳምሁ። ከድጃ ከበር ሆና እልል ልትል ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ግን ሸኹ ያችን የንብ ቀልዳቸውን ወደዷት። ለአንድ ሰው ነገሩ፣ ሰውዬውም ለገበያ ነገረ። ከዘጌ ታንኳዎች በፊት ወሬው ዘጌ ደረሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዘጌ ሰዎች ሽማግሌያቸውን አስቀድመው መጡና ከሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ጭራቸውን እያወዛወዙ አስነሡኝ።

«አለቃው አንተ ነህ? እንግዲህ ስማ። ይህ ልጅ ጡቱ ከጸና ያችን ልጅ አያገባም፣ ወንድሟ ነውና። ጡቱ ከፈረሰ ደግሞ የመንደራችሁ ልጅ አይደለም፤ ባዳ ነው፤ ባዳ ያሰለፈ ተሸናፊ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መብላት የለም። የቱን ትመርጣለህ?»

በአንድ በኩል ልጆቹ ያፈጡብኛል፤ የቄሰ ገበዙ ልጅ «ግቤን! በሕይወቴ ያገባኋት አንዲት ግቤን!» እያለ ነጠላዬን ይጎትታል። በሌላ በኩል ሰይድ መሬት መሬት ያያል። አብዬ ይመር ደግሞ ከሁሉም ያልሰሙ እሳቸው ብቻ ናቸውና «ማን ነው የሚያገባ? ማንን?» እያሉ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ይዞራሉ። ዘፈኑ ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሊጮህ እንደ ሆነ አወቅሁ። ግን ስለ ዘፈን ብዬ የሰው ትዳር ልበላ?

«ባዳ ነው» አልሁ። «ጨዋታውን ውሰዱ።»

የዘጌ ልጆች ተነሥተው ጨፈሩ። የእኔዎቹ ምን እንዳሉኝ አልጽፈውም፤ አሁን ሽማግሎች ሆነዋል፣ ያፍራሉ።

«ባዳ?» አሉ አብዬ ይመር። ድምፃቸው አነስ አለ። «ሙክት ያረድሁለት ልጄ ባዳ ነው?» አውራ ጣታቸውን ዝቅ ብለው አዩት። ከፊታቸው ተንበርክኬ ከዶሮዋ ጀምሬ እስከ ሸኹ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ከድጃ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ጭፈራውም እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ሰው ሁሉ የአብዬ ይመርን አፍ ያይ ጀመር። ወደ ሰይድ ዞሩ።

«ልጄን ፈልገህ ኖሯል የመጣኸው?»

«አዎ አብዬ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ስለ ምን አልተናገርህም?»

«አብዬ» አለ ሰይድ፣ «አውራ ጣትዎ አፌ ውስጥ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት የዘጌው ሊቅ ናቸው፤ ጭራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ሸንጎው በሙሉ ሳቀ። አብዬ ይመር ለመቆጣት ሞክረው ነበር፤ ግን ትከሻቸው ከዳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ሰይድን በጆሮው ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

ሠርጉ ጥቅምት ላይ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም በየራሱ እርድ ተስተናገደ። የዘጌ ሰዎችም ተጠርተው መጡ፣ አዲስ ዘፈን ይዘው። ያወጣው ኑሩ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የጨፈረውም እሱ ነው፤ ሐዘኑን እንዲያ አድርጎ ወጣለት መሰለኝ፦

«ማር አስልሰውት በረኛ ሁን ቢሉት፣
በሩን ከፈተና ሙሽራ አገኙት!»

እኔ ድንኳኑ ውስጥ ወጥ እያሳለፍሁ ዘፈኑን ተቀበልኋቸው። ምን ላድርግ? ዜማው ያምራል። በዚያው መካከል ከጫካ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ጆሮዬ ስር ተጠግታ የአጥናፉን መልእክት አደረሰችኝ። ኳሷ ደኅና ናት፣ ትራስ ሆናዋለች፤ ውጤቱ ስንት ሆነ? ብሏል። መልሱ ረጅም ነው በይው አልኋት።

ምሳው ሲጋመስ አብዬ ይመር ካባቸውን አስተካክለው ሙሽራውን ሊያጎርሱ ተነሡ። ያችን የምታህል ጉርሻ ጠቅልለው በዚያ በወፍራም አውራ ጣታቸው እየደገፉ ወደ ሰይድ አፍ አቀረቡ። ሰው ሁሉ እልል አለ። ሰይድ ግን አፉን አልከፈተም። ጉርሻዋን በሁለት እጁ ገታ አደረገና አውራ ጣታቸውን ከላይም ከታችም አገላብጦ ተመለከተ።

«አብዬ» አለ፣ «ማር የለበትም አይደል?»